ባቲ አድርስ

ጋሽ ይመር ማረፋቸውን የነገረኝ ከደሴ ኮምቦልቻ የሚመላለስ የሚኒባስ ረዳት ነው። ከደሴ ያስጫንኩትን ጨርቅ አውርዶ ኮምቦልቻ ሱቄ በር ላይ ካስቀመጠልኝ በኋላ፣ ሊሄድ ሲል አንድ ነገር ትዝ አለውና፣ «ያ የሰኞ ገበያው ጫማ ሻጭ ሽማግሌ፣ ሰውን ሁሉ እያስቆሙ በናንተ አገር ምን ይሉታል የሚሉት፣ ትናንት ተቀበሩ» አለኝ። ለወሬ ያህል ነው የነገረኝ። ከሳቸው ጋር አንድ በረንዳ ላይ ስንት ዘመን እንደተቀመጥኩ በምን ይወቀው። ጨርቁን እንደታቀፍኩ ደፉ ላይ ቁጭ አልኩ። ምን ሆንሽ እናቴ ቢለኝ፣ ጎረቤቴ ናቸው አልኩት።

ጎረቤት ማለት እንኳ ያንስባቸዋል። ደርግ ወድቆ መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ውስጥ አንዲት የቆርቆሮ በረንዳ ለሁለት ተካፈልን፤ በአንዱ ወገን የኔ የስፌት መኪና፣ በሌላው ወገን የሳቸው ጫማ። መጀመሪያ አልወደድኳቸውም። ሰው ሲያዩ ከእግሩ ነው የሚጀምሩት። ገና እንደተዋወቅን ጫማዬን ትክ ብለው አይተው፣ ቀኝሽን ታበዢያለሽ፣ በዚህ በኩል ሶልሽ አልቋል አሉኝ። የኔም አፍ አያርፍ፣ የመኪናው መርገጫ ነው እንጂ ጠማማ ሆኜ አይደለም ብዬ መለስኩላቸው። ሳቁ። ጥርሳቸው በጫት ጠይሟል፣ ሳቃቸው ግን የልጅ ሳቅ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ እታለም እንዳሉኝ ኖሩ፤ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም።

ረጅምና ቀጭን ነበሩ። በዚያ በደሴ ጭቃ፣ ከጦሳ ተራራ በሚወርደው ብርድ፣ እግራቸው ላይ ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ጫማ እንጂ ሌላ አይቼባቸው አላውቅም። ዙሪያቸውን አዲስ ጫማ ተከምሮ እሳቸው በጎማ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ብዬ ስተርባቸው እግራቸውን ከፍ አድርገው ያሳዩኛል፣ ከዚህ የሚበልጥ ካገኘሽ አምጪ ይሉኛል። ጫማ ሲፈትሹ ሁለት አጥፈው ወደ ጆሯቸው ያስጠጋሉ፤ ከተንቋቋ ወደ በረንዳችን አይገባም። ገዢ ሲጠሩ ደግሞ ሁለቱን ሶል እያጋጩ ያጨበጭባሉ። የገበያው ግርግር መሀል የሳቸውን ጭብጨባ ለይቼ አውቀው ነበር።

ታዲያ ገዢው ጫማውን በጠራበት ስም ነው የሚሸጡለት። ያን ያህል የጫማ ስም መኖሩን ያወቅኩት ከሳቸው ጎን ተቀምጬ ነው። እኛ ነጠላ ጫማ የምንለውን የአዲስ አበባው ሰው ሲሊፐር ይለዋል፤ ከላስታ በኩል የሚመጣው ሸበጥ ይለዋል፤ ከዐረብ አገር የተመለሱት ልጆቻችን ደግሞ ሽብሽብ ብለው ይጠሩትና መልሰው ራሳቸው ይስቃሉ። ያቺን የፕላስቲክ ጫማ እኛ ኮንጎ ስንላት የትግራይ ሰዎች ሸዳ ይሏታል። ከከሚሴ የሚመጡት ኦሮሞዎች ኮጴ ብለው ሁሉንም በአንድ ቃል ይገላገሉታል። የወታደሩን ጫማ ቦት የሚለው አለ፣ ቡትስ የሚለው አለ፣ ከስክስ የሚለው አለ። የጋሽ ይመር መልስ ለሁሉም «አለ» ነው። አንዳንዴ እኔ ከመኪናዬ ላይ ቀና ብዬ ስሙ እንዲህ ነው እንጂ እንዲያ አይደለም ብዬ ገዢ ላርም ስል ይቆጡኛል። «እግር እንጂ አፍ አይለካም፣ እታለም» ይሉኛል።

አንድ ቀን ባልና ሚስት መጡ። እሷ የአዲስ አበባ ልጅ ነች፣ እሱ የላስታ ሰው። እሷ ሲሊፐር ይስጡኝ ስትል እሱ ሸበጥ በያቸው፣ ሰው አገር መጥተሽ ይላታል። ነገሩ ከጫማው አልፎ ወደ እናቱ፣ ከእናቱ ወደ ሠርጉ ሄደ። ሰው ከበበን። ጋሽ ይመር ጎንበስ ብለው አንደኛውን ጫማ ከሴትየዋ እግር ሥር አስቀመጡና ይሄ ሲሊፐር ነው አሉ። ሌላኛውን አስቀመጡና ይሄ ደግሞ ሸበጥ ነው፣ አንዱ ካንዱ ተለይቶ አይሄድም አሉ። ባልየው ሳያስበው ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ደሴ በመጡ ቁጥር ሳይጠይቁን አያልፉም ነበር።

እያንዳንዱን ገዢ ከመሸኘታቸው በፊት ግን አንድ ጥያቄ አላቸው። በበረንዳው ምሰሶ ላይ ሚስማር ተመቶ አንድ ጥንድ የጎማ ጫማ ተንጠልጥሏል። ተረከዙ ላይ ማሰሪያው ድርብ ነው። እሱን በጣታቸው እያሳዩ፣ «ይሄንንስ በናንተ አገር ምን ይሉታል?» ይላሉ። በረባሶ ይላል አንዱ። የጎማ ጫማ ይላል ሌላው። እሺ፣ አላህ ያድርሳችሁ ብለው ይሸኛሉ። ያ ጫማ አይሸጥም።

ለምን እንደሚጠይቁ በረንዳውን በተካፈልን በመጀመሪያው ክረምት ነገሩኝ። አባታቸው ከኩታበር ወረድ ብሎ ካለ መንደር እህል ጭነው ባቲ ድረስ የሚነግዱ ሰው ነበሩ። ደሴን አልፈው፣ ሐረጎን ወርደው፣ ኮምቦልቻን አቋርጠው በእግራቸው ባቲ ገበያ ይገባሉ፤ ከባቲ ጨው ይዘው ይመለሳሉ። የሌላው ነጋዴ ጫማ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ሲበጠስ የሳቸው ደርሶ ይመለስ ነበር፤ ከጎማ የሚቆርጡት ራሳቸው ናቸውና። ስሙንም ራሳቸው አወጡለት፣ ባቲ አድርስ አሉት። በዚያ ቤት ውስጥ ጫማ ማለት ባቲ አድርስ ነው። ከዚያ ቤት ውጭ ግን ማንም እንዲህ አይለውም፣ አጥር የሚዋሰናቸው ጎረቤት እንኳ በረባሶ ነው የሚለው። የቤቱ ታናሽ ልጅ፣ የጋሽ ይመር እህት ሉባባ፣ አባቷ በሚመለሱበት ቀን መንገድ ወጥታ ትጠብቃቸዋለች፤ እሳቸውም ጭነቱን ሳያወርዱ ከጨዉ ስባሪ አንስተው መዳፏ ላይ ያኖሩላታል።

ጋሽ ይመር ጎረምሳ ሳሉ ሥራ ፍለጋ አሰብ ወደብ ወረዱና እዚያው ወዛደር ሆነው ቀሩ። የሰባ ሰባቱን ረሃብ የሰሙት እዚያ ሆነው ነው። ሲመጡ ቤቱ ወና ሆኗል። አባትም እናትም አልፈዋል፤ ሉባባ ከሰፋሪዎች ጋር በመኪና ተጭና ሄዳለች። ወዴት ቢሉ ወለጋ የሚል አለ፣ መተከል የሚል አለ፣ ኢሉባቦር የሚል አለ። መንግሥት ሲለወጥ ብዙ ሰፋሪ ወደ ወሎ ተመለሰ፣ ሉባባ ግን የለችም። አንድ ጊዜ ጫማቸውን ለኔ አደራ ሰጥተው ወለጋ ድረስ ሄዱ። ሉባባ የምትባል ሴት ሞልታ የሳቸውን አጥተው መጡ። ከስተውና ጠቁረው ገቡ፤ እንዴት ሆነልዎ ብላቸው በዚያ አገር ያሉትን የጫማ ስሞች ይነግሩኝ ጀመር። ሌላ የሚነግሩኝ እንዳልነበራቸው ገብቶኝ እስኪጨርሱ ሰማኋቸው።

«ኮረዳ ሳለች ነው የተለየኋት» አሉኝ ታሪካቸውን በነገሩኝ ጊዜ። «ረሃብ ፊት ይለውጣል፣ እታለም። ነገ መጥታ እዚህ ብትቆም እኔም አላውቃት፣ እሷም አታውቀኝ። ባቲ አድርስን ግን ወላሂ አትረሳውም።»

ስለዚህ ነው ጫማ ሻጭ የሆኑት። ከየትም አገር የመጣ ሰው ሰኞ ገበያን ይረግጣል፣ የረገጠ ሁሉ ደግሞ ጫማ አያጣውም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይጠይቁ ብቻ ሳይሆን ይጣሩም ነበር። ሶሉን እያጋጩ፣ «ነጠላ ጫማ አለ፣ ኮንጎ አለ፣ ባቲ አድርስ አለ» ይላሉ። እሷ ብትሰማ ትቆማለች፣ የሚያውቃት ሰው ቢሰማ ይነግራታል ብለው ነው።

ከፊት ለፊታችን ሰይድ የሚባል ጫማ ነጋዴ ነበር። ቁመቱ አጭር ስለሆነ ከፍ ያለ ታኮ ያለው ጫማ ካላደረገ ከቤቱ አይወጣም፣ ሰይድ ታኮ ነበር የምንለው። ክፉ ሰው አይደለም፣ ምላሱ ግን ቀድሞት የሚሄድ ዓይነት ነው። ይህ ባቲ አድርስ የሚለው ጥሪ ጆሮ ይገባል፣ ገዢ ያስቆማል ብሎ እሱም ይጣራበት ጀመር። ለጎማ ጫማ ብቻም አይደለም፣ ለኮንጎውም ለሸራውም ባቲ አድርስ አለ። ከሱ የሰሙት የመናኸሪያ አዟሪዎች ወሰዱት። አንድ ሰሞን የደሴ ሰው በሙሉ ጫማ ሲገዛ ባቲ አድርስ ካላለ የገዛ አይመስለውም ነበር። ጋሽ ይመር መጀመሪያ አልተቆጡም፤ እንዲያውም ቃሉ በሰው አፍ ሲሄድ ደስ ያላቸው መሰለኝ።

አንድ ሰኞ ዕድሜዋ ከሉባባ ዕድሜ የሚገጥም፣ ፊቷ የተጎዳ ሴት በረንዳችን ሥር ቆመች። «ባቲ አድርስ ይኖራችኋል?» አለች። ጋሽ ይመር የያዙት ጫማ ከእጃቸው ወደቀ። ተነሥተው ይህን ቃል ከማን ሰማሽ ብለው ጠየቋት። ሴትየዋ ግራ ገብቷት፣ ከዚያ ማዶ ካለው ባለታኮ፣ እሱ ቁጥሬን ቢያጣ ወደርስዎ ላከኝ አለች። ተቀመጡ። እኔ ነኝ የሸጥኩላት። በማግሥቱ አልመጡም፣ በሦስተኛውም ቀን አልመጡም። ታመው እንደሁ ብዬ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። ሚስታቸው ቀድማቸው ሞታለች፣ ልጅ አልወለዱም፤ ብቻቸውን ግድግዳ ተደግፈው አገኘኋቸው።

«አንድ ምልክት ነበረኝ» አሉኝ። «አሁን ሉባባ ራሷ መጥታ ብትጠራው፣ ከደሴ ሰው በምን እለያታለሁ?»

አብሽሩ፣ አይዞዎት አልኳቸው። ተነሥቼ ወጣሁ። ወጥቼ ግን ወደ ቤቴ አልገባሁም፣ በቀጥታ ወደ ሰይድ ሄድኩ። ልናገረው ያሰብኩት ብዙ ነበር፤ ነገሩን ስነግረው ግን ፊቱ እንዲያ ሲሆን አይቼ ተውኩት። ሰይድ የእህቲቱን ታሪክ እንደ ማንኛችንም ያውቃል፤ ቃሉን ሲጣራበት ከዚያ ጋር አላገናኘውም። አለቀሰ ልበል፣ ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነ። ከዚያ ወዳጃ እጠራለሁ አለ።

በኛ አገር ነገር ሲጠና ወዳጃ ይጠራል። እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ዱዓ ያደርጋል፣ ይመራረቃል። ሐሙስ ከቀትር በኋላ ሰይድ ቤት የገበያው ሰው ተሰበሰበ። ጫማ ነጋዴው ሁሉ አለ፣ አዟሪው አለ፣ እኔና መሰሎቼ ማተባችንን እንዳሰርን አንድ ጥግ ይዘናል። ጋሽ ይመር ተለምነው መጥተው ከበሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ወዳጃውን የሚመሩት ሸህ ነገሩን ከሰይድ አፍ ካሰሙን በኋላ ጥያቄ ጠየቁን። መንገድ ላይ የወደቀ ዕቃ ብታገኙና ባለቤቱን ብታውቁት ምን ታደርጋላችሁ አሉ። እንመልሳለን አልን። «እንግዲያው ይህ ቃል የይመር ያባቱ ዕቃ ነው፣ መልሱለት» አሉ። አሚን ያለው አሚን፣ አሜን ያለው አሜን አለ። የቃሉ ባለቤት ሉባባ እስክትገኝ ማናችንም በዚያ ቃል ላንጣራ፣ ልጆቻችንም እንዳይሉት ልንከለክል ቃል ገባን። ጋሽ ይመርም ራሳቸው ዳግም ላይጣሩበት ቃል ገቡ፤ ከእንግዲህ ይጠይቃሉ እንጂ አይጣሩም።

ይህን ስነግራቸው የማያምኑኝ አሉ። የገበያ ሰው ጥሪ ይተዋል ወይ፣ ያውም የሚያሸጥ ጥሪ ይላሉ። የደሴ ገበያ ግን ተወው። አዲስ አዟሪ ከሌላ ሰፈር ሰምቶት የመጣ እንደሆነ አንዱ ጠራ አድርጎ በጆሮው ይነግረዋል፣ በዚያው ይቀራል። ሰይድ አንድ ቀን ሊያመልጠው ሲል አፉን በእጁ ይዞ ባቲ ብሎ ቆመና፣ «ባቲ... ነጠላ ጫማ አለ» ሲል ሰምቼ በሳቅ ፈረስኩ። ጋሽ ይመርም ስቀዋል። ዓመት ዓመትን እየተካ ቃሉ ከደሴ አፍ ጠፋ፤ አሁን የሚያውቁት የዚያ ወዳጃ ሰዎች ብቻ ሆኑ፣ እነሱም አይሉትም። ጋሽ ይመር በየዕለቱ ወደ ሚስማሩ እየጠቆሙ ይጠይቃሉ። በረባሶ ይላቸዋል ሰው። እሺ፣ አላህ ያድርሳችሁ ይላሉ። ጢማቸው ነጣ፣ ጆሯቸው ደከመ። እኔ ተስፋ የቆረጥኩት ከሳቸው በፊት ነው፤ አልነገርኳቸውም እንጂ።

ደሴ ላይ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ ወዲህ ጥቅምት ላይ ሰኞ ገበያ በተማሪ ይሞላል። ከቆላ የመጡት ብርዱን ሳያውቁ በስስ ሹራብ ይመጡና ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ ብርድ ልብስና ነጠላ ጫማ ይገዛሉ። እንደዚያ ካሉት አንዷ፣ ቀጭን ጠይም ልጅ፣ እጆቿን ብብቷ ሥር ደብቃ መጣች። የሰቀሉትን የጎማ ጫማ ዞራ አላየችውም። ጫፍ ላይ የተደረደረውን ሰማያዊ የላስቲክ ነጠላ ጫማ እያሳየች፣ «አባባ፣ ያ ባቲ አድርስ በኔ ቁጥር ይኖራል?» አለች።

የመኪናዬ እግር ቆመ። ቀና ስል ከማዶ ሰይድም በታኮው ብድግ ብሎ ቆሟል። ጋሽ ይመር ግን አልተነሡም። ጆሯቸውን ወደ ልጅቷ አዘነበሉ፣ ድገሚልኝ አሏት፤ ደገመችው። እንደ ዘወትራቸው፣ ድምፃቸውን ሳይለውጡ ጠየቋት።

«በናንተ አገር እንዲህ ነው የሚሉት?»

«አዎ አባባ። እዚህ ሌላ ስም አለው እንዴ?»

አገሯ ወለጋ ውስጥ መንደር ሰባት የሚባል የሰፈራ መንደር ነው። ስሟ ዘምዘም። እዚያ የጎማውም የላስቲኩም፣ እግር የሚገባበት ሁሉ ባቲ አድርስ ነው አለች። ስሙን ማን አወጣለት ቢሏት፣ እሷ ከተወለደች ጀምሮ እንዲህ ሲባል ነው የምታውቀው። ድሮ ሰፋሪው በባዶ እግሩ በነበረ ጊዜ እማማ ሉባባ የሚሏቸው ሴት ከጎማ እየቆረጡ ለሰው ሁሉ ጫማ ይሠሩ ነበር፤ ከሳቸው ነው ይባላል አለች። ጋሽ ይመር እጃቸውን ዘርግተው የልጅቷን እጅጌ ያዙ። «አለች?» አሏት። ልጅቷ የያዟትን እጅ አየች፣ ፊታቸውን አየች፣ ያኔ የሆነ ነገር ገባት። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ነው ያረፉት አለች ቀስ ብላ።

ጋሽ ይመር እጅጌዋን ሳይለቁ፣ እህቴ ናት አሉ። ልጅ አላት ወይ ብለው ጠየቁ። የወለዱት የለም፣ ግን የመንደሩ ልጅ ሁሉ እሳቸው ቤት ነበር የሚውለው አለች ዘምዘም። የላስቲኩን ጫማ እንደያዘች እያለቀሰች ነበር። ከዚያ እኔ እስከ ዛሬ የማልረሳውን ጠየቀቻቸው። «አባባ፣ ባቲ ምንድን ነው? እኛ ስንጠይቃቸው ስታድጉ ትደርሱበታላችሁ ነው የሚሉን።»

ለቅሶው በሳቸው ቤት ተደረገ። ሞቱ ዓመታት ያለፉት ቢሆንም ለኛ ገና ትናንት ነው የሞተችው። የገበያው ሰው ሲመጣ ማንን ማጽናናት እንዳለበት ግራ ገባው፤ ሉባባን ትልቅ ሰው ሆና ያየ ከዘምዘም በቀር የለም። ሰይድ ነው ልጅቷን እጇን ይዞ ከጋሽ ይመር ጎን ያስቀመጣት። ለቅሶ ደራሹም ፊቷ እየቆመ አላህ ሶብሩን ይስጥሽ፣ እግዜር ያጥናሽ ይላት ጀመር። ያቺ ትናንት ብርድ ልብስ ፍለጋ የወጣች ተማሪ የሟች ልጅ ሆና ተቀመጠች። ሉባባ እንዴት እንደምትሥቅ፣ ጎማ ስትቆርጥ እንዴት እንደምትቀመጥ፣ ጫማ አጥልቃላቸው ልጆቹን ከበሩ እስከ ዋርካው ሩጡ እያለች እንደምትፈትን ነገረችን። ማሰሪያው ከኋላ ድርብ ነበር ወይ አሏት ጋሽ ይመር። ድርብ ነበር አለች። ያን ጊዜ ነው እሳቸው ያለቀሱት።

ከለቅሶው በኋላ በመጀመሪያው ሰኞ ወደ በረንዳችን ተመለሱ። ጫማቸውን ደረደሩ። ሁለት ሶል አነሡና ሳያጋጩ ወደ ማዶ ተጣሩ።

«በል ሰይድ፣ ጥራው» አሉት። «ቃሉ ባለቤቱን አግኝቷል።»

ሰይድ ከመቀመጫው ተነሣ። እርስዎ ይቅደሙ አላቸው። ጋሽ ይመር ሶሉን አጋጩ፣ ባቲ አድርስ አለ አሉ፤ ከዚያ ሰይድ፣ ከዚያ ሽቅብ እስከ መናኸሪያው ድረስ ሁሉም ተቀበለ። ዛሬም ደሴ ብትሄዱ አንዳንድ አዟሪ እንዲህ ሲል ትሰማላችሁ። ከየት እንደመጣ ብትጠይቁት ግን የሚነግራችሁ አይመስለኝም።

እኔ በኋላ ጉልበቴ የደሴን ብርድ አልችል ብሎ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ረዳቱ ባረዳኝ ማግሥት ለቅሶ ልደርስ ሐረጎን ወጣሁ። ዘምዘም ከምታስተምርበት አገር መጥታ እንደ ልጅ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣለች። ከተመረቀች በኋላ ይዛቸው ሄዳ መንደር ሰባትን አይተዋል፣ የእህታቸው መቃብር ላይ ዱዓ አድርገዋል። እኔና እሷ ተቃቅፈን ስናለቅስ ግን ሁለታችንም ያስታወስነው ባቲን ነው፤ የመጀመሪያው ቃል የወጣው ከሷ አፍ ይሁን ከኔ አላውቅም።

ያኔ ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለች ነው። ጋሽ ይመር አንድ ሰኞ በረንዳውን ለሰይድ አደራ ብለው ሁለታችንን ይዘውን ወደ ባቲ ሄዱ። ከሚስማሩ ላይ ያን አይነኬ ጫማ አውርደው አድርገውታል። አውቶቡሱ ገበያው ድረስ ያደርሰን ነበር፤ እሳቸው ግን ከከተማው መግቢያ ላይ አስወረዱን፣ ባቲ በእግር ነው የሚገባው አሉ። ፀሐዩ እሳት ነው። ግመሉ፣ አቧራው፣ አፋሩና ኦሮሞው፣ ዐማራው፣ ሁሉም በየቋንቋው ይጫረታል። ዘምዘም ቆማ ዙሪያዋን አየች።

«ይኸው ነው?» አለች።

«ይኸው ነው» አሏት።

ልጅቷ ምን ስትጠብቅ እንደኖረች አላውቅም፣ ፊቷ ላይ ግን ቅሬታ አላየሁም። ጋሽ ይመር ወደ ጨው ተራው ሄዱ። አንድ የአፋር ጨው አንሥተው እንደ ጫማ ወደ ጆሯቸው አስጠጉና በራሳቸው ሳቁ። ገዝተው በኩታቸው ጠቀለሉት፣ ስትሄጂ ለመንደር ሰባት ሰዎች ውሰጂላቸው አሏት፣ አባታችን ከባቲ ባዶ እጁን ተመልሶ አያውቅም። ከዚያ ትንሽ አሰቡና ጥቅሉን መልሰው ፈቱት። ከዳር በድንጋይ መታ አድርገው ስባሪውን ዘምዘም መዳፍ ላይ አኖሩላት። ልጅቷ ምላሷ ላይ አደረገችው። እሳቸው እንደዚያ በጎማ ጫማቸው አቧራው ላይ ቆመው፣ ጨዉ አፏ ውስጥ እስኪሟሟ ድረስ ዓይናቸውን ከልጅቷ ፊት አልነቀሉም።